ብዙ ትሬድ ያለውን ፕሮግራም ሲያርሙ ትሬዶቹን መቆጣጠር፦ የጂዲቢ የአሠራር መመሪያ

“ብሬክፖይንት አስቀምጬ አንድ መስመር ወደ ፊት ስሄድ ዲበገሩ ወደ ሌላ ፈንክሽን ይወስደኛል፤ ተበላሽቶ ነው?” የሚለው ጥያቄ እዚህ ጎንደር ፕሮግራም ከሚጽፉ ተማሪዎችና ሥራ ከጀመሩ ወጣቶች በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። በቃል ስመልሰው ግማሹ ስለሚረሳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጽሑፍ ማስቀመጡን መርጫለሁ።

ዲበገሩ አልተበላሸም። አንድ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ ክር) ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ እንዲቆም ምልክት ያደረጉበት መስመር) ላይ ሲደርስ ዲበገሩ፣ ማለትም ስህተት ማረሚያው ጂዲቢ፣ ሁሉንም ትሬዶች ያቆማል፤ እርስዎ አንድ መስመር እንዲሄድ ሲያዝዙት ደግሞ፣ የተለየ ነገር ካልነገሩት በቀር፣ ሁሉንም ይለቃቸዋል። እርስዎ የሚከታተሉት ትሬድ ያችን አንድ መስመር እስኪጨርስ ድረስ ሌላው ብዙ መስመር ሊሮጥ፣ ብሬክፖይንት ላይ ሊደርስና የዲበገሩን እይታ ወደ ራሱ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ እርምጃ ማን እንደሚሮጥና ማን እንደሚቆም የሚወስኑት እርስዎ መሆን አለብዎት፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህን ውሳኔ በእጅዎ ለማስገባት የተዘጋጁ ናቸው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ትዕዛዞቹን በ«» ውስጥ እንደሚነበቡ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፏቸው።

የምጠቀምበት ምሳሌ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ አውቶቡስ ቲኬት የሚሸጥ አነስተኛ የሲ ፕሮግራም ነው። አራት ትሬዶች አሉት፤ 1ኛው ዋናው ትሬድ ነው፣ 2ኛውና 3ኛው ሁለት የቲኬት መስኮቶች ናቸው፣ 4ኛው ሒሳብ የሚያወጣው የሪፖርት ትሬድ ነው። «ቀሪ» የተባለው ቫሪያብል ያልተሸጡትን ወንበሮች ይቆጥራል። መስመር 24 «ቀሪ» ከዜሮ መብለጡን ይጠይቃል፣ መስመር 25 ከ«ቀሪ» ላይ አንድ ይቀንሳል፣ መስመር 26 ቲኬቱን ያትማል። ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ግን «ቀሪ» ከዜሮ በታች ሆኖ ይገኛል፤ ይህም አንድ ወንበር ለሁለት መንገደኛ ተሽጧል ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኡቡንቱ ወይም ሌላ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር።
- «ቢልድ-ኤሴንሺያል» እና «ጂዲቢ» የተባሉት ፓኬጆች። ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት በ«ሱዶ አፕት ኢንስቶል» አስቀድመው ይጫኗቸው፤ ከዚያ በኋላ ለሚደረገው ሥራ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የማያውቁትን ትዕዛዝም ጂዲቢ ውስጥ «ሄልፕ» ብለው ማንበብ ይችላሉ።
- ኮምፓይል የተደረገው ፕሮግራም ትክክለኛ የምንጭ ኮድ። ኮዱን ቀይረው ኮምፓይል ካላደረጉት ጂዲቢ የሚያሳይዎት መስመርና የሚሮጠው መስመር አይገጥሙም።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ይህን ችላ አይበሉት፤ ከሦስት ትሬድ በላይ ሲሆን የትኛው የት እንደቆመ በጭንቅላት ብቻ መያዝ አይቻልም።

ደረጃ 1፦ ለማረም በሚመች መልኩ ኮምፓይል ያድርጉ

ትዕዛዙ «ጂሲሲ -ጂ -ኦ0 -ፒትሬድ ቲኬት.ሲ -ኦ ቲኬት» ነው። የመጀመሪያው ኦ በትልቁ ፊደል ተጽፎ ዜሮ ይከተለዋል፤ ሁለተኛው በትንሹ ፊደል ይጻፋል። «-ጂ» የመስመር ቁጥሮችንና የቫሪያብል ስሞችን ፕሮግራሙ ውስጥ ያስቀምጣል። «-ኦ0» ደግሞ ኮምፓይለሩ ኮዱን ለፍጥነት ብሎ እንዳያቀያይረው ይከለክለዋል። ይህ አስፈላጊ የሚሆንበት ምክንያት አለ፤ ለፍጥነት በተስተካከለ ኮድ ላይ አንድ ትሬድ ብቻ እየሮጠ እንኳ መስመሮቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚዘሉ፣ ዝላዩ የመጣው ከኮምፓይለሩ ይሁን ከሌላ ትሬድ መለየት ያቅትዎታል። በተጨማሪም ቫሪያብል ሲጠይቁ «ኦፕቲማይዝድ አውት» የሚል ምላሽ ያገኛሉ።

ደረጃ 2፦ ትሬዶቹን ይሰይሙ፤ አንድ ላይም ያስነሡ

እያንዳንዱ ትሬድ ሥራውን ሲጀምር «ፒትሬድ_ሴትኔም_ኤንፒ» በተባለው ፈንክሽን ለራሱ ስም እንዲሰጥ ያድርጉ፤ ይህ እንዲሠራ ከፋይሉ አናት ላይ «_ጂኤንዩ_ሶርስ» የተባለውን ማክሮ መግለጽ ያስፈልጋል። የስሙ ርዝመት የመዝጊያውን ዜሮ ጨምሮ 16 ባይት ብቻ ነው። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ ከ5 ፊደል በላይ አይገባም፤ ካለፈ ፈንክሽኑ የስህተት ቁጥር ይመልሳል እንጂ ስሙን ቆርጦ አያስገባውም፤ ትሬዱም በአሮጌው ስሙ ይቀጥላል። እኔ «መስኮት1»፣ «መስኮት2» እና «ሪፖርት» ብያቸዋለሁ፤ ረጅሙ 13 ባይት ስለሆነ ሦስቱም ይገባሉ። ስም ሳይሰጡ በቁጥር ብቻ ቢሠሩ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ትሬዶቹ በሌላ ቅደም ተከተል ሲፈጠሩ ወረቀትዎ ላይ የጻፉት ሁሉ ይዛባል።

ቀጥሎም ሦስቱ ሠራተኛ ትሬዶች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በ«ፒትሬድ_ባሪየር_ዌይት» እንዲጠባበቁ ያድርጉ። ባሪየር ሁሉም እስኪመጡ ድረስ ማንንም የማያሳልፍ በር ነው። ያለ እሱ 2ኛው ትሬድ ብሬክፖይንት ላይ ሲቆም 3ኛው ገና አልተፈጠረ ይሆናል፤ ያልተፈጠረን ትሬድ ደግሞ መቆጣጠር አይቻልም። ለባሪየሩ የሚሰጡት ቁጥር ከሚጠብቁት ትሬዶች ቁጥር ጋር እኩል ይሁን፤ ሦስት ሆነው ሳለ 4 ብለው ቢጽፉ አራተኛው ስለማይመጣ ሦስቱም እዚያው ይቀራሉ።

ደረጃ 3፦ ፕሮግራሙን በጂዲቢ ያስነሡ፤ የትሬዶቹንም ዝርዝር ያንብቡ

«ጂዲቢ ./ቲኬት» ብለው ይግቡ፤ «ብሬክ 24» ብለው ብሬክፖይንት ያስቀምጡ፤ ከዚያ «ራን» ይበሉ። አዳዲስ የኡቡንቱ ስሪቶች ላይ ጂዲቢ “ዲበግኢንፎዲን ላብራ?” የሚል ጥያቄ ሊያቀርብልዎ ይችላል። ይህ የሲስተም ላይብረሪዎችን የማረሚያ መረጃ ከኢንተርኔት የሚያወርድ አገልግሎት ነው፤ መስመሩ ቀርፋፋ ሲሆን ጂዲቢ ደርቆ የቆመ ያስመስለዋል። የራስዎን ኮድ ለማረም ስለማያስፈልግ “አይ” ብለው ይመልሱ።

ፕሮግራሙ ሲቆም ከምንም ነገር በፊት «ኢንፎ ትሬድስ» ይበሉ። የሚያዩት፣ ረጃጅሞቹ አድራሻዎች ተቀንሰውለት፣ ይህን ይመስላል፦

   1   ኤልደብሊውፒ 5311   “ቲኬት”      ፒትሬድ ጆይን ውስጥ
*  2   ኤልደብሊውፒ 5312   “መስኮት1”   መስመር 24
   3   ኤልደብሊውፒ 5313   “መስኮት2”   ባሪየር ውስጥ
   4   ኤልደብሊውፒ 5314   “ሪፖርት”     ባሪየር ውስጥ

ኮከቡ ያለበት ትሬድ አሁን የሚያዩት ትሬድ ነው፤ «ፕሪንት» (የቫሪያብል ዋጋ ማሳያ)፣ «ቢቲ» (የፈንክሽኖችን የጥሪ ሰንሰለት ማሳያ)፣ «ኔክስት» (አንድ መስመር ማስኬጃ) የሚሉት ትዕዛዞች ሁሉ የሚፈጸሙት በእሱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ጂዲቢ ራሱ የሰጠው ሲሆን፣ ከኤልደብሊውፒ ቀጥሎ ያለው ሊኑክስ ለትሬዱ የሰጠው መለያ ነው። ሁለቱን አያምታቱ፤ የሊኑክሱ ቁጥር ደረጃ 8 ላይ ያስፈልግዎታል፤ ፕሮግራሙ እንደገና ሲነሣ ስለሚለወጥ ግን ያኔ በ«ኢንፎ ትሬድስ» እንደገና ያንብቡት። ወደ ሌላ ትሬድ ለመዞር «ትሬድ 3» ይበሉ። ይህ እይታዎን ያዞራል እንጂ ማንንም አያስኬድም።

ደረጃ 4፦ ሌሎቹ ትሬዶች እንዳይንቀሳቀሱ ያድርጉ

የዚህ መመሪያ ዋና ትዕዛዝ «ሴት ስኬጁለር-ሎኪንግ» ነው። «ኦፍ» ሲሆን በማንኛውም የማስኬጃ ትዕዛዝ ሁሉም ትሬዶች ይለቀቃሉ። «ኦን» ሲሆን ኮከቡ ያለበት ትሬድ ብቻ ይሮጣል፤ «ኮንቲኒው» ቢሉም ሌሎቹ ከቆሙበት አይነቃነቁም። «ስቴፕ» የሚለው ምርጫ በሁለቱ መካከል ነው፤ በ«ስቴፕ» እና በ«ኔክስት» መስመር በመስመር ሲሄዱ ሌሎቹ ይቆማሉ፣ «ኮንቲኒው»፣ «አንቲል» ወይም «ፊኒሽ» ሲሉ ግን ሁሉም ይለቀቃሉ። አሁን ያለበትን ሁኔታ ለማወቅ «ሾው ስኬጁለር-ሎኪንግ» ይበሉ፤ ምንም ካልነኩት አዳዲስ ስሪቶች «ሪፕሌይ» ይላሉ፤ ይህም ፕሮግራሙን በተለመደው መንገድ ሲያስኬዱ ከ«ኦፍ» አይለይም።

እኔ ለዕለት ተዕለት ሥራ «ስቴፕ»ን እመርጣለሁ። መግቢያው ላይ ያነሣሁት ዝላይ የሚጠፋው በዚህ ሲሆን፣ «ኮንቲኒው» ሲሉም ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው ይሮጣል። «ኦን»ን የማበራው ቀጥሎ እንደሚታየው የትሬዶቹን ቅደም ተከተል ራሴ ለመወሰን ስፈልግ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ኦን» እንደበራ የሚያስኬዱት ትሬድ ሌላው የያዘውን ሚውቴክስ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ ሊይዘው የሚችል ቁልፍ) ከጠየቀ ለዘላለም ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ሚውቴክሱን ሊለቅ የሚችለው ትሬድ እርስዎ ያቆሙት ነው። ይህ የፕሮግራሙ ዴድሎክ (ትሬዶች እርስ በርስ ተጠባብቀው መቆም) ሳይሆን እርስዎ የፈጠሩት ነው። «ኮንትሮል-ሲ» ተጭነው ያቁሙት፤ «ቢቲ» ብለው ሚውቴክስ እየጠበቀ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ወይ ወደ ባለቤቱ ትሬድ ዞረው እስኪለቅ ድረስ ያስኬዱት፣ ወይ «ኦፍ» ያድርጉት።

ደረጃ 5፦ አልፎ አልፎ የሚታየውን ስህተት በእጅዎ ይፍጠሩት

ሬስ ኮንዲሽን፣ ማለትም ትሬዶቹ በሚቀዳደሙበት ሁኔታ ውጤቱ የሚለወጥ እንዲህ ያለ ስህተት፣ የሚያስቸግረው በፈለጉት ሰዓት ስለማይመጣ ነው። ፕሮግራሙን መቶ ጊዜ አስኬዶ መጠበቅ ግን አያስፈልግም፤ ሁለቱን መስኮቶች አንድ በአንድ ያንቀሳቅሷቸው። 2ኛው ትሬድ መስመር 24 ላይ ቆሟል፤ መስመሩ ገና አልተፈጸመም። ከዚህ በኋላ ያለውን ቅደም ተከተል ሳይለውጡ ይከተሉ።

ሀ. «ሴት ቫር ቀሪ = 1» ይበሉ። ይህ አንድ ወንበር ብቻ የቀረበትን ሁኔታ ይፈጥራል፤ አውቶቡሱ በሙሉ እስኪሸጥ መጠበቅ አይኖርብዎትም።

ለ. «ሴት ስኬጁለር-ሎኪንግ ኦን» ይበሉ።

ሐ. «ኔክስት» ይበሉ። 2ኛው ትሬድ ጥያቄውን አልፎ መስመር 25 ላይ ይደርሳል። “ወንበር አለ” ብሎ ወስኗል፤ ግን ገና አልቀነሰም። እዚሁ ይተዉት።

መ. «ትሬድ 3» ብለው ዞረው «ኮንቲኒው» ይበሉ። 3ኛው ትሬድ ከባሪየሩ ወጥቶ መስመር 24 ላይ ይቆማል።

ሠ. «ኔክስት» ይበሉ። «ቀሪ» አሁንም 1 ስለሆነ ይህም ትሬድ ጥያቄውን አልፎ መስመር 25 ላይ ይደርሳል። ሁለቱም ሻጮች ያንኑ አንድ ወንበር ለየደንበኞቻቸው ቃል የገቡት በዚህች ቅጽበት ነው።

ረ. እንደገና «ኔክስት» ብለው «ፕሪንት ቀሪ» ሲሉ 0 ያያሉ።

ሰ. «ትሬድ 2» ብለው ተመልሰው «ኔክስት»፣ ከዚያ «ፕሪንት ቀሪ» ይበሉ። አሁን የሚያዩት -1 ነው።

ስህተቱ አሁን በእጅዎ ነው፤ በፈለጉት ሰዓትም ይደግሙታል። ከዚህ ሙከራ የሚያገኙት ትልቁ ጥቅም የጉድለቱን ቦታ በትክክል ማወቅ ነው፤ ጉድለቱ መቀነሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በመጠየቁና በመቀነሱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። መቀነሱን ብቻ በሚውቴክስ ያጠረ ሰው ይህንኑ ቅደም ተከተል ሲደግም -1ን መልሶ ያገኘዋል።

ደረጃ 6፦ ያስተካክሉ፤ ማስተካከያው መሥራቱንም በዚያው መንገድ ያረጋግጡ

ከጥያቄው በፊት «ፒትሬድ_ሚውቴክስ_ሎክ»፣ ከቅነሳው በኋላ «ፒትሬድ_ሚውቴክስ_አንሎክ» ያስገቡ። ወንበር ካለቀ በኋላ ያለው መንገድም መልቀቁን መርሳት የለበትም፤ “ወንበር የለም” ብሎ ሳይለቅ የሚመለስ ፈንክሽን ቀጣዩን ደንበኛ በሩ ላይ ያስቀረዋል። የሪፖርቱ ትሬድም «ቀሪ»ን ሲያነብ ይህንኑ ሚውቴክስ መያዝ አለበት።

አሁን ሚውቴክሱ መስመር 24 ላይ፣ ጥያቄው መስመር 25 ላይ ሆኗል። ኮምፓይል አድርገው ብሬክፖይንቱን መስመር 25 ላይ ያስቀምጡና ያስኬዱ። የመጀመሪያው መስኮት ሚውቴክሱን ይዞ ሲቆም «ስኬጁለር-ሎኪንግ»ን «ኦን» አድርገው ወደ ሌላኛው መስኮት ዞረው «ኮንቲኒው» ይበሉ። ምንም ነገር አይታይም፤ ጂዲቢም አይመለስም። «ኮንትሮል-ሲ» ተጭነው «ቢቲ» ሲሉ ትሬዱ «ፒትሬድ_ሚውቴክስ_ሎክ» ውስጥ ሲጠብቅ ያገኙታል። ደረጃ 4 ላይ ማስጠንቀቂያ የሰጠሁበት መቆም እዚህ ላይ የምንፈልገው ማረጋገጫ ነው፤ አንዱ ሳይለቅ ሌላው ጥያቄው ላይ መድረስ አይችልም። ፕሮግራሙን ሺህ ጊዜ አስኬዶ “ስህተቱ አልመጣም” ከማለት ይህ ይበልጣል።

ደረጃ 7፦ ብሬክፖይንቱን ለአንድ ትሬድ ብቻ ያድርጉት

ብዙ ትሬዶች የሚያልፉበትን መስመር ሲያርሙ «ብሬክ 25 ትሬድ 3» ይበሉ፤ ሁኔታ ለመጨመር ከፈለጉ «ብሬክ 25 ትሬድ 3 ኢፍ ቀሪ < 5» ማለት ይችላሉ። ሌሎቹ ትሬዶች ሳይቆሙ ያልፋሉ፤ ነገር ግን ጂዲቢ እያንዳንዱን ለአፍታ ይዞ ስለሚለቅ ፕሮግራሙ መዘግየቱ አይቀርም።

የትኛው ትሬድ ቫሪያብሉን እንደሚለውጥ ጨርሶ ካላወቁ «ዋች ቀሪ» ይበሉ፤ የትኛውም ትሬድ ዋጋውን ሲለውጠው ፕሮግራሙ ይቆማል። ጂዲቢ ሲመልስ «ሃርድዌር ዋችፖይንት» ማለቱን ያረጋግጡ። የተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ለዚህ የሚሆኑ 4 ሬጅስተሮች ብቻ ስላሏቸው ከዚያ ካለፉ ጂዲቢ ወደ ሶፍትዌር ዋችፖይንት ሊዞር ይችላል፤ ያ ደግሞ እጅግ ቀርፋፋ ከመሆኑም በላይ ሌሎች ትሬዶች የሚያደርጉትን ለውጥ ላያስተውል ይችላል።

ደረጃ 8፦ ደርቆ የቆመን ፕሮግራም ይመርምሩ

ፕሮግራሙ ያለ ጂዲቢ ሲሮጥ ቆይቶ ቢደርቅ አይዝጉት፤ ማስረጃው ያለው እዚያው ነው። በ«ፒድኦፍ ቲኬት» የፕሮሰሱን ቁጥር ይወቁና፣ ለምሳሌ 5311 ቢሆን፣ «ሱዶ ጂዲቢ -ፒ 5311» ብለው ይያዙት። ኡቡንቱ አንድ ፕሮግራም ልጁ ያልሆነን ፕሮሰስ እንዳይዝ በነባሪ ስለሚከለክል «ሱዶ» ካላሉ አይፈቅድልዎትም።

ከዚያ «ትሬድ አፕላይ ኦል ቢቲ» ይበሉ። ይህ አንድ ትዕዛዝ የሁሉንም ትሬዶች የጥሪ ሰንሰለት በአንድ ጊዜ ያወጣል። ሰንሰለታቸው አናት ላይ «ሎክ_ዌይት» የሚል ስም ያለባቸውን ትሬዶች ይለዩ። በእኛ ምሳሌ ሒሳቡን የሚጠብቅ ሌላ ሚውቴክስ ተጨምሯል እንበል፤ መስኮቱ መጀመሪያ የወንበሩን፣ ቀጥሎ የሒሳቡን ይይዛል፤ ሪፖርቱ ደግሞ መጀመሪያ የሒሳቡን፣ ቀጥሎ የወንበሩን ይይዛል። የደረቁትም 2ኛውና 4ኛው ትሬዶች ሆነው ተገኝተዋል።

አሁን ማን ምን እንደያዘ ሚውቴክሱን ራሱን ይጠይቁት። «ፕሪንት ወንበር_ሎክ» ሲሉ ከሚወጡት ዝርዝሮች መካከል «__ኦነር» የሚል አለ፤ ቁጥሩ የባለቤቱ ትሬድ የኤልደብሊውፒ ቁጥር ነው። የወንበሩ ሚውቴክስ 5312 ቢል ባለቤቱ 2ኛው ትሬድ ነው፤ የሒሳቡ 5314 ቢል ባለቤቱ 4ኛው ነው። በወረቀትዎ ላይ ከእያንዳንዱ ትሬድ ወደሚጠብቀው ሚውቴክስ፣ ከሚውቴክሱ ደግሞ ወደ ባለቤቱ ቀስት ይሳሉ። ቀስቶቹ ዞረው ከተገናኙ ዴድሎክ ነው፤ መፍትሔውም ሁለቱም ትሬዶች ሚውቴክሶቹን በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንዲይዙ ማድረግ ነው። ቀስቶቹ ካልተገናኙና የባለቤቱ ትሬድ ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ግን ሚውቴክሱን ሳይለቅ ሥራውን ጨርሶ ወጥቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሆን የባለቤቱን ፈንክሽን መውጫዎች አንድ በአንድ ይፈትሹ።

ምርመራውን ሲጨርሱ «ዲታች» ብለው ይልቀቁት።

ደረጃ 9፦ ሌሎቹ መቆም የማይችሉ ሲሆን ኖን-ስቶፕን ይጠቀሙ

ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ግንኙነት የያዘ ትሬድ ያለበት ፕሮግራም ላይ ሁሉንም ማቆም ግንኙነቱ እንዲቋረጥ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ «ራን» ከማለትዎ በፊት «ሴት ፔጂኔሽን ኦፍ» እና «ሴት ኖን-ስቶፕ ኦን» ይበሉ፤ ፕሮግራሙ ከተነሣ በኋላ መቀየር አይቻልም። ከዚያ ብሬክፖይንት ላይ የደረሰው ትሬድ ብቻ ይቆማል፤ ሌሎቹ «ኢንፎ ትሬድስ» ላይ «ራኒንግ» ተብለው ይታያሉ። እዚህ ጂዲቢ እይታዎን ወደቆመው ትሬድ በራሱ አያዞርም፤ «ትሬድ» ብለው የሚዞሩት እርስዎ ነዎት። «ኮንቲኒው» አሁን ያሉበትን ትሬድ ብቻ፣ «ኮንቲኒው -ኤ» ሁሉንም ያስኬዳል። ትሬዱ እየሮጠ እርስዎ ትዕዛዝ መስጠት እንዲችሉ «ኮንቲኒው &» ይበሉ፤ ሁሉንም ለማቆም «ኢንተራፕት -ኤ» ነው።

የተለመዱ ስህተቶች

«ኦን»ን አብርቶ መርሳት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ “ፕሮግራሜ ቆመ” የሚል ጥያቄ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። ፕሮግራሙ ሳይታሰብ ሲደርቅ መጀመሪያ «ሾው ስኬጁለር-ሎኪንግ» ይበሉ።

በ«ፕሪንት» ውስጥ ፈንክሽን መጥራት። «ፕሪንት ቀሪ» ማየት ብቻ ነው፤ «ፕሪንት ቀሪ_አምጣ()» ግን ፕሮግራሙን ያስኬዳል፤ «ስኬጁለር-ሎኪንግ» «ኦፍ» ከሆነም ፈንክሽኑ እስኪመለስ ሌሎቹ ትሬዶች ሁሉ አብረው ይሮጣሉ። በጥንቃቄ ያቆሙት ሁኔታ በአንድ ጥሪ ይፈርሳል።

በ«ስሊፕ» ላይ መመካት። አንድ ትሬድ ብሬክፖይንት ላይ ሲቆም በሌላ ትሬድ ውስጥ እየጠበቀ ያለ የሲስተም ጥሪ ጊዜው ሳይደርስ ሊመለስ ይችላል። «ስሊፕ 10» ያለ ትሬድ ከ3 ሰከንድ በኋላ ቢነሣ የኮድዎ ስህተት ላይሆን ይችላል፤ ፈንክሽኑ የሚመልሰውን ቀሪ ሰከንድ አንብቦ እንደገና እንዲተኛ አድርገው ይጻፉት።

ዲበገር ሲገባ ስህተቱ ስለጠፋ ተስተካክሏል ማለት። ጂዲቢ የትሬዶቹን ፍጥነት ይለውጣል፤ ሬስ ኮንዲሽን ደግሞ በፍጥነት ልዩነት የሚኖር ነው። እንዲህ ሲሆን ከጂዲቢ ውጡና «-ጂ -ኤፍሳኒታይዝ=ትሬድ» ጨምረው ኮምፓይል አድርገው ያስኬዱት፤ ያለ ሚውቴክስ የተነካውን ቫሪያብል፣ የነኩትን ሁለት ትሬዶችና የመስመር ቁጥሮቻቸውን ይነግርዎታል። ፕሮግራሙ በብዙ እጥፍ ይዘገያል፤ ሚሞሪም ብዙ ይበላል፤ ስለዚህ በአነስተኛ ዳታ ይሞክሩት። ቦታውን ካወቁ በኋላ ወደ ደረጃ 5 ይመለሱ።

ብሬክፖይንቶቹን ሳያስቀምጡ መሥራት። ሁለት ሰዓት ለፍቼ ያስተካከልኩት የብሬክፖይንት ዝርዝር መብራት ሲሄድ አብሮ ጠፍቶብኛል፤ ከዚያ ወዲህ ሦስተኛውን ብሬክፖይንት እንዳስቀመጥሁ «ሴቭ ብሬክፖይንትስ ነጥቦች» እላለሁ። መብራቱ ሲመጣ ጂዲቢን አስነሥተው «ሶርስ ነጥቦች» ሲሉ ይመለሱልዎታል። ለአንድ ትሬድ ብቻ የተደረጉት ግን ትሬዱ ገና ስላልተፈጠረ ተቀባይነት አያገኙም፤ እነሱን ፕሮግራሙ ከባሪየሩ በኋላ ሲቆም በእጅዎ መልሰው ያስገቧቸው።